ለምርምር የተለገሰ ሀብት በታካሚው ጤና ይመዘን!

ባለጸጎች ለሕዝብ ጤና ሀብታቸውን መስጠታቸው በመካ ምድር ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው። የኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ሐጃጆች በውኃ ጥም መቸገራቸውን ተመልክታ፣ ከተራሮች ሥር የሚፈልቀው ውኃ በቦይ ወደ መካና ወደ ዐረፋት እንዲደርስ ከግል ሀብቷ አውጥታ አሠርታለች። ቦዩ ‹‹ዐይን ዙበይዳ›› የሚለውን ስሟን ይዞ ለብዙ መቶ ዓመታት ሐጃጁን ሲያጠጣ ኖሯል። የዚያን ልገሳ ፍሬ ለመመዘን አዋቂ መጥራት አያስፈልግም ነበር። ውኃው መካ ደረሰ፤ የተጠማው ጠጣ።

በዚህ ዘመን ለጤና የሚሰጠው ሀብት ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ምርምር እያዘነበለ ነው። በጎ አድራጊዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የምርምር ወንበሮችን፣ ቤተ ሙከራዎችንና የልህቀት ማዕከላትን በስማቸው ያቋቁማሉ። ይህ ሊበረታታ የሚገባው ተግባር ነው። ይሁን እንጂ የምርምር ልገሳ እንደ ቦይ ውኃ መድረስ አለመድረሱ በዓይን አይታይም። ጥናቱ ይሠራል፤ በመጽሔት ይታተማል፤ በጉባኤ ይቀርባል፤ ጭብጨባም ያገኛል። ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛና ወደ ታካሚው አልጋ መድረሱን ጠይቆ የሚከታተል ግን ጥቂት ነው። የሕክምና ምርምር ውጤት ከታተመበት ጊዜ አንሥቶ በሐኪም ቤቶች የዕለት ተዕለት አሠራር እስኪሆን ድረስ በአማካይ 17 ዓመት ይፈጃል የሚለው በዘርፉ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ግምት የችግሩን ስፋት ያሳያል። በ17 ዓመት ውስጥ ጨቅላው አድጎ ትምህርት ቤት ይጨርሳል፤ ዛሬ የምትታመም እናት ግን ይህን ያህል የምትጠብቅበት ዕድሜ የላትም።

በጅዳና በመካ የተከናወኑ የጤና ምርምሮች ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ላይ ምርምር ወደ ሕክምና የተለወጠባቸውም፣ የተዘጋጀው ሕክምና ለሁሉም ያልደረሰባቸውም አጋጣሚዎች አሉ።

በጅዳ የሚገኘው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የልገሳ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የከተማዋ ነጋዴዎችና ታዋቂ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በግል ዩኒቨርሲቲነት አቋቋሙት፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ መንግሥት ተዛውሮ ዛሬ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በለጋሽ ስም የሚጠራ አንድ ማዕከል አለ፤ የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ የጡት ካንሰር የልህቀት ማዕከል ይባላል። ለጋሹ በኢትዮጵያ የተወለዱ፣ በሁለቱ አገሮች ባላቸው የንግድ ሥራ የሚታወቁ ባለሀብት በመሆናቸው ማዕከሉ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም።

የማዕከሉ መሥራችና መሪ የጽንስና ማሕፀን ሐኪሟ ፕሮፌሰር ሳሚያ አል-አሙዲ ናቸው። ሐኪሟ እ.ኤ.አ. በ2006 የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው፣ በዘመኑ በአካባቢው ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ ሕመማቸውን በጋዜጣ ጽፈው ለሕዝብ ይፋ አወጡ። ያን ጊዜ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የካንሰር ስም እንኳ በግልጽ አይጠራም ነበር፤ ‹‹ያ በሽታ›› ተብሎ ይታለፋል። የጡት ሕመም ደግሞ በሐፍረት ላይ ሐፍረት የተጨመረበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዓለም አቀፍ ደፋር ሴቶች በሚሰጠው ሽልማት ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዷ ያደረጋቸው ይህ ግልጽነታቸው ነው።

በሐበሻ ምድር ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይባላል። በጅዳ የታየው እውነታ ይህን አባባል ያጸናዋል። የጡት ካንሰር ምርመራ መሣሪያ በከተማዋ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሞችም፣ መድኃኒቶችም ነበሩ። የጎደለው ሴቲቱ እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ ከቤቷ ተነሥታ ሐኪም ዘንድ የምትደርስበት መንገድ ነበር። በመሆኑም ማዕከሉ ምርምርን ከግንዛቤ ትምህርትና ከባለሙያዎች ሥልጠና ጋር አጣምሮ መያዙ፣ መሪውም ሴት ስለ ራሷ አካል የማወቅና ሕክምናዋን የመወሰን መብት እንዳላት በተደጋጋሚ መጻፋቸው ከሳይንሱ ሥራ ውጭ የተደረገ ተጨማሪ በጎነት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ምርምሩ ወደ ታካሚዋ የሚያልፍበት ድልድይ ራሱ ይህ ነው።

ጥናት በየአካባቢው መሠራት ያለበት ለምን እንደሆነም የጡት ካንሰር ያሳያል። በሳዑዲ ዓረቢያ በሽታው ከምዕራባውያን አገሮች ጋር ሲነጻጸር በዕድሜ አነስ ያሉ ሴቶችን ይይዛል። በኢትዮጵያና በብዙ የአፍሪካ አገሮችም ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። የአውሮፓን መመሪያ ቃል በቃል ተቀብሎ ‹‹ከ50 ዓመት በላይ ያሉት ይመርመሩ›› ማለት በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ የምትታመመውን እናት ከደጅ መመለስ ይሆናል። የአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ማን እንደሚታመም፣ መቼ እንደሚታመምና ለምን ዘግይቶ እንደሚመጣ አጥንቶ ሲያስረዳ ግን የምርመራው ዕድሜ፣ የመልእክቱ ቋንቋና የጤና ጣቢያው አሠራር በዚያው ልክ ሊስተካከል ይችላል።

ከጅዳ ወደ መካ ሲዘለቅ ደግሞ ምርምር በቀጥታ አልጋ ሆኖ የተዘረጋበት ታሪክ ይገኛል። በበጋ ወራት በሚውል ሐጅ በጠራራ ፀሐይ የሚጓዘው ሕዝብ ዋነኛ ሥጋት በተለምዶ ‹‹ፀሐይ መታው›› የሚባለው አደጋ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲወጣ አእምሮ ይስታል፤ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳሉ፤ በፍጥነት ካልቀዘቀዘ ሕይወት ያልፋል። በቀደመው ዘመን በሽተኛውን በበረዶ መክበብ የተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ ከልክ ያለፈ ቅዝቃዜ የቆዳን የደም ሥሮች አጥብቦ ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያግዳል፤ ሰውነትንም በማንቀጥቀጥ ተጨማሪ ሙቀት እንዲያመነጭ ያደርጋል። ሙስጠፋ ኾጋሊና ጆሴፍ ዌይነር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1980 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሌላ ዘዴ አቀረቡ። በሽተኛው በመረብ አልጋ ላይ ተኝቶ 15 ዲግሪ ገደማ ያለው ውኃ እንደ ጉም ይረጭበታል፤ ሞቅ ያለ አየርም ይነፍስበታል። ቆዳው ከ32 እስከ 33 ዲግሪ ባለው ልክ ስለሚቆይ የደም ሥሮቹ አይጠብቡም፤ ውኃው በሚተንበት ጊዜም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ‹‹የመካ የሰውነት ማቀዝቀዣ›› ተብሎ የታወቀው ይህ አልጋ በሐጅ ሥፍራዎች በሚገኙ የሕክምና ጣቢያዎች ተተክሎ ሥራ ላይ ውሏል። እዚህ ላይ ቤተ ሙከራውና ታካሚው የተገናኙት አጥኚዎቹ ጥያቄያቸውን ከድንኳኑ በማንሣታቸውና መልሱን ወደዚያው ድንኳን በመመለሳቸው ነው።

የሐጅን ጉዳይ በቋሚነት የሚያጠና ተቋም መኖሩም በራሱ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው የሐጅ ምርምር ማዕከል ከጊዜ በኋላ በመካ ወደሚገኘው ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ዛሬ የሐጅና የዑምራ ምርምር ተቋም ሆኗል። የሕዝብን ፍሰት፣ የመጓጓዣን፣ የአካባቢንና የጤናን ጉዳይ በየዓመቱ እየተከታተለ ያጠናል። አንድ ዓመት የታየው ጉድለት ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ግብዓት ይሆናል።

የማጅራት ገትር ክትባትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት የተነሣው ወረርሽኝ ክትባትን ለሐጃጆች ግዴታ አደረገ። በ2000 እና በ2001 ዳብልዩ 135 የተባለው ሌላ የበሽታው ዝርያ ሐጃጆችን ሲያጠቃ፣ ተመራማሪዎች ዝርያውን በመለየታቸው ብዙም ሳይቆይ አራት ዝርያዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ሆነ። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ውሳኔ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅዳ የሚበርረው ሐጃጅ ክንዱ ላይ የሚወጋው መርፌ የምርምር ውጤት ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ቢሆንም የእውቀት መኖር ብቻውን እንደማይበቃ እ.ኤ.አ. የ2024ቱ ሐጅ በመራራ ሁኔታ አስታውሷል። በዚያ ዓመት በመካ የሙቀቱ መጠን ከ51 ዲግሪ በላይ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ የጤና ሚኒስትር እንዳስታወቁት 1,301 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ 83 በመቶ ያህሉ ያለ ፈቃድ የመጡ፣ ያለ በቂ መጠለያ በጠራራ ፀሐይ ረጅም ርቀት በእግራቸው የተጓዙ ናቸው። ማቀዝቀዣው አለ፤ ሐኪሙ አለ፤ አምቡላንሱ አለ። ያልተመዘገበው ሐጃጅ ግን ከድንኳኑም፣ ከአውቶቡሱም፣ ከጥላውም ውጭ ነበር። ያለ ፈቃድ መጓዝ ራስን ለአደጋ ማጋለጥ መሆኑን ለሕዝብ ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ያለ ፈቃድ የሚያጓጉዘውንም ተጠያቂ ማድረግ ያስፈልጋል። ጤናን የሚመለከተው ትምህርት ግን ከዚህም ያልፋል። ሕክምና ቢራቀቅም የሚያድነው ደጃፉ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት ወደ ጡት ካንሰሩ ጉዳይ መልሶ ይወስዳል። በጅዳና በመካ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንዷ ጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝ ምን ታደርጋለች? አረብኛዋ ለወጥ ቤትና ለልጆች ጥበቃ የሚበቃ እንጂ ስለ ገላዋ ለሐኪም የምታስረዳበት አይደለም። የዕረፍት ቀን ላይኖራት ይችላል። ለአሠሪዋ ብትናገር ከሥራ እንዳትባረር ትሰጋለች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማ ካለፈበት ደግሞ ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ ያስፈራታል። ወደ አገር ቤት የምትልከው ገንዘብ እንዳይቋረጥ ስትል ሕመሙን ችላ ዝም ትላለች። ያ እብጠት ምናልባት ካንሰር ላይሆንም ይችላል፤ አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር አይደሉም። ካንሰር ከሆነ ግን የዝምታዋ እያንዳንዱ ወር የመዳን ዕድሏን ይቀንሳል። ከዩኒቨርሲቲው ማዕከል ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትኖር ሴት ከማዕከሉ እውቀት በብዙ ዓመታት ትርቃለች ማለት ነው።

ስለዚህ በለጋሽ ሀብት የቆመ የምርምር ተቋም ሊመዘንባቸው የሚገቡ ነጥቦች በግልጽ መቀመጥ አለባቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ሦስት ግቦችን አስቀምጧል፤ በበሽታው ከሚያዙት ቢያንስ 60 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ሳሉ እንዲታወቅላቸው፣ ምርመራው በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ ቢያንስ 80 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የተሟላ ሕክምና እንዲያገኙ ነው። በየዓመቱ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች በሚያዙበትና 670 ሺህ ገደማ በሚሞቱበት በሽታ ላይ የሚሠራ ማዕከል ስንት ጽሑፍ አሳተምኩ ከማለቱ በፊት ስንት ሴቶች በጊዜ ደረሱልኝ፣ ስንት ቀን ጠበቁ፣ ስንቶቹ ሕክምናቸውን ፈጸሙ ለሚሉት ጥያቄዎች በየዓመቱ ለሕዝብ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ለጋሹም ከምስጋና የምስክር ወረቀት ይልቅ ይህን ዘገባ ቢጠይቅ የሰጠው ሀብት ይከበራል።

ሁለተኛው ዘላቂነት ነው። የአንድ ጊዜ ልገሳ መሣሪያ ይገዛል፤ መሣሪያውን የሚጠግነውን፣ ነርሷን፣ ታካሚዋን በስልክ የምታስታውሰውን ሠራተኛና መረጃ የሚመዘግበውን ባለሙያ ግን በየወሩ የሚከፍል ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል። የወቅፍ ሥርዓት ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ይዟል። ዋናው ንብረት ሳይሸጥና ሳይለወጥ ይቆያል፤ ገቢው ብቻ ለታለመለት ዓላማ ይውላል። ለምርምር የሚሰጥ ሀብት በዚህ መልክ ቢደራጅ ለጋሹ ባይኖርም፣ የገበያው ሁኔታ ቢለወጥም ሥራው አይቋረጥም።

ሦስተኛው ቋንቋና ደጃፍ ነው። ጅዳና መካ የዓለም ሕዝብ የሚገናኝባቸው ከተሞች ናቸው። የምርመራ ጥሪ በአረብኛ ብቻ ከተላለፈ ብዙዎች አይሰሙትም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በኡርዱና በሌሎችም ቋንቋዎች የተዘጋጀ አጭር የድምፅ መልእክት፣ አስተርጓሚ የሚገኝበት የተወሰነ ቀን፣ እንዲሁም የታካሚዋን ምሥጢር እንደሚጠብቅ የሚያረጋግጥ አሠራር ብዙ ወጪ አይጠይቁም። የኢትዮጵያ ቆንስላ፣ የማኅበረሰብ ማኅበራትና የእምነት አባቶችም ድርሻ አላቸው። ሴቶች ለዱዓ፣ ለጸሎትና ለዕቁብ በሚሰባሰቡበት ቦታ ሁሉ ስለ ጡት ካንሰር በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና ባለሀብቶችም ከዚህ የሚወሰድ ቁም ነገር አለ። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ከክልል የምትመጣ እናት ወረፋ እየጠበቀች ስትንከራተት ኖራለች። አሁን የጨረር ሕክምና ወደ ክልል ሆስፒታሎች መስፋፋት መጀመሩ ተስፋ ሰጪ ነው። መሣሪያው በተተከለበት ሁሉ ግን ታካሚዋ ለምን እንደዘገየች የሚያጠናና መልሱን ለወረዳው ጤና ጣቢያ የሚያደርስ የምርምር ክፍል አብሮ ካልተተከለ ሥራው ጎደሎ ይሆናል።

ይህን ማድረግ እንደሚቻል የኢትዮጵያ የራሷ ታሪክ ይመሰክራል። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ በ1970 ገደማ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሲቋቋም የተሠራው ከአለርት ሆስፒታል ጎን ነበር። ተመራማሪውና የሥጋ ደዌ ታካሚው በአንድ ግቢ ይውሉ ነበር። በዚያ ግቢ በ1970ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ብቻውን ይሰጥ የነበረው ዳፕሶን የተባለ መድኃኒት በሽታው እየተላመደው መምጣቱን አሳዩ። በተለያዩ አገሮች የተገኙ እንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ተደማምረው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሥጋ ደዌ በጥምር መድኃኒቶች እንዲታከም እንዲወስን አድርገዋል። ዛሬ አንድ የሥጋ ደዌ ታካሚ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት መዋጡ ቀርቶ ቢበዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕክምናውን የሚፈጽመው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንስቲትዩቱም ቆይቶ በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ሥር ሆኖ ቀጥሏል። የውጭ ለጋሽ የጀመረውን አገር ተረክቦ ሲያስቀጥለው ልገሳው ሥር ይይዛል።

በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ለሕንፃ የሚያውሉትን ያህል ታካሚን ለሚያገለግል ምርምር ቢያውሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የመምህራንን ዕድገት በታተመ ጽሑፍ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሆስፒታሉ ባመጡት ለውጥም ቢመዝኑ ርቀቱ ያጥራል። ሸክሙም የጥቂቶች ብቻ መሆን የለበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሆነ ሁሉ በጅዳ የምትሠራ እህት የምታዋጣው ጥቂት ሪያልም ተደማምሮ የአንዲት ታካሚ የናሙና ምርመራ ወጪ ሊሸፍን ይችላል።

ስም በሕንፃ ግንባር ላይ መጻፉ ነውር የለውም፤ የዙበይዳም ስም በቦይዋ ላይ ቀርቷል። ስሟን ያኖረው ግን ውኃው መድረሱ ነው። በጅዳና በመካ ያሉ የምርምር ተቋማት፣ የሚደግፏቸው ለጋሾች፣ የሁለቱም አገሮች የጤና ኃላፊዎችና የማኅበረሰብ መሪዎች በየዓመቱ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄም ይኸው ነው፤ የተገኘው እውቀት እስከ የትኛዋ ሴት ደጅ ደርሷል? ከመጨረሻዋ ቤት ካልደረሰ ቦዩ ገና አላለቀምና ቁፋሮው ሊቀጥል ይገባል!